ለኮርማው ሽቦ ተገኘለት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ደጀኔ፣ ሐዋሳ።

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ እህተ ማርያምስ፣ ያ የወገብ ሕመማቸው ተሻላቸው ወይ? ልጆቹስ ትምህርቱን እንዴት ያዙት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ አባባም ከጥርሳቸው በቀር ደኅና ናቸው። እኔም ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ልቅሶ ቀደመኝ፤ ስለዚህ ይኸው በወረቀት።

ቀዩን ኮርማችንን ያውቁታል፤ አባባ ሻኛውን እያዩ የሚኮሩበትን። ውሎው ትልቁ የመብራት መስመር ከሚያልፍበት ሜዳ፣ ከብረት ምሰሶው ሥር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ላም ከእሱ አልያዘችም። አባባ ላሞቹን መካን ናቸው ብለው ዳልቻዋንና ጊደሯን አምና ፈረስ ቤት ገበያ ወስደው ሸጡ። ኮርማውን ግን ማንም ክፉ አልተናገረውም፤ እንዲያውም አተላ ተጨመረለት።

በኅዳር ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ምስክር የምትባል አስተማሪ በመስመሩ ሥር ስለሚውሉ ከብቶች ልትጠይቅ መጣች። እነሱ ዘንድ ወንድ አይጦችን በመዳብ ሽቦ ጥቅል መካከል አስቀምጠው በሽቦው ኤሌክትሪክ ይለቃሉ አለች። ያን ጊዜ ጥቅሉ እንደ ማግኔት ይሆናል፤ ብረት የሚስበው የማይታይ ኃይል በአይጦቹ ላይ ይውላል። ከሳምንታት በኋላ ዘራቸውን በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ቁጥሩ አንሶ፣ መንቀሳቀስም ደክሞት አግኝተውታል። የኛን ኮርማ ዘርም ከእንስሳት ሐኪም ጋር ሆና ወሰደች። ተመልሳ ስትመጣ ከመቶው አምስቱ እንኳ እንደማይንቀሳቀስ ነገረችን። አባባ ከንፈራቸውን መጠጡና ሽቦው ነው የበላው፣ እሱ ምን ያድርግ አሉ። እሷ ግን በአይጥ የታየው ለኮርማ ማስረጃ እንደማይሆን፣ በሽታም ሊሆን እንደሚችል አስረዳች። «ምክንያቱን አላውቅም፤ ጉድለቱ ግን የወንዱ ነው» አለች። እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ከሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼ፣ እኔን ማን መረመረኝ? ከቀድሞ ባሌ ከእጅጉ ጋር በኖርሁበት ስድስት ዓመት ልጅ ብናጣ ሦስት ጊዜ ግሽ ዓባይ ወርጄ ተጠመቅሁ። እሱ አንድ ቀን አብሮኝ አልወረደም፤ ወንድ ምን ሆኖ። ሽማግሌ ለፍቺ ሲቀመጥ፣ የተማረው ወንድሟ ምን ይላል ተብሎ ለእርስዎ ተደወለ። እርስዎም «ሰውን ያለ ዘር አናስቀረውም፤ ትምጣ» አሉ። በዚያች ቃል ሳጥኔን አሸክሜ ወደ አባባ ቤት ተመለስሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ለኮርማው እንኳ ሽቦ ተገኘለት፤ ለእኔ ሰበብ የፈለገልኝ አልነበረም። ተቆጥቻለሁ፤ የተቆጣሁትም በእርስዎ ላይ ነው።

ይህን የጻፍሁት ግን ለራሴ ብዬ አይደለም። ከእኔ በኋላ እጅጉ ያገባት ያምሮት አራት ዓመት ሆናት፤ አልወለደችም። በኪዳነ ምሕረት ማግስት ሽማግሌ ሊቀመጥባት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ወደ ጥግ ጎተተችኝና የትኛው ጠበል እንደሚሻል ጠየቀችኝ። አፈርሁ፤ ምን ልበላት? እኔ ብናገር ቅናት ነው ይባላል። የእርስዎን ቃል ግን ሽማግሌዎቹ ያኔም ሰምተዋል። ለእጅጉም ለሽማግሌዎቹም ይደውሉና መጀመሪያ እሱ ሐኪም ቤት ይታይ ይበሉ። ለእኔ የነፈጉኝን ለእሷ አይንፈጓት።

እትዬ እህተ ማርያምን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ሜላትን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ክንፈሚካኤልንም ግንባሩን። አባባ እጅግ አድርገው ሰላም ብለዋል፤ እኅታችን አልጣሽና ልጆቿም እንዲሁ። ኮርማው አለ፤ አልተሸጠም። ዳልቻዋ ፈረስ ቤት የገዟት ሰዎች ዘንድ በጥር ወልዳለች።

እኅትዎ አቻምየለሽ ላቀው
ጃቢ ጠህናን፣ ፍኖተ ሰላም አጠገብ
የካቲት 3 ቀን 2012 ዓ.ም.