ያልመጣች ሰብሳቢ

ናዚ፣

ደረጃው ላይ እየተሻገርሽ የመጣሽው ባዶ ሲሊንደር ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው። ትናንት በብሎኩ ስብሰባ የጋዝ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነሽ ተመርጠሻል። ጋሼ ደግፌ ስምሽን ሲጠሩ "የለችም እኮ!" ብዬ ነበር። "የቀረ ሰው ነው የሚመረጠው፣ ታውቂ የለ" አሉኝ፤ ሁሉም ሳቀ፣ ተጨበጨበ፣ አለቀ።

እንዳትቀሪ ብዬሽ ነበር።

ጋዙ ነገ ጠዋት ይመጣል አሉ፤ ለግማሹ ሰው እንኳ አይበቃም። ማን ወስዶ ማን እንደሚቀር የምትወስኚው አንቺ ነሽ። የአራሷ ባል "ለአጥሚት ብቻ" እያለ ሁለቴ መጣ። ምን ልበለው? በሩን ዘጋሁበት።

የሰዉን ማንኳኳት አልቻልኩትም፤ ቤቴል ሰፈር እህቴ ጋ ሄጃለሁ። ስልኬንም እዘጋዋለሁ።

የኛም ጋዝ ስላለቀ ወጡን እንዳለ በቀዝቃዛው ብዪው። ሲሊንደራችንን ከሁሉም ኋላ አድርጌዋለሁ፤ ሰብሳቢ ቀድሞ አይወስድም ተብሏል።

ሲያጨበጭቡ እኔ ሳላጨበጭብ እጄን ልሰበስብ አስቤ ነበር።

ግን ሁሉም ዞሮ እኔን ነበር የሚያየው፣ ናዚ።

ሰሀር