ለአረፋ እመጣለሁ

ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጻፉ ተብለን ነው። የምሠራበት የጉዞ ወኪል ቢሮ ከፍሎልን ቅዳሜን ሙሉ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስናጨበጭብ ዋልን። ራስን የማሻሻል ሥልጠና። አሠልጣኙ አቶ ዘአማኑኤል ይባላል፤ ሲናገር ይዘላል። «በየቀኑ የምታመሰግኑበትን ጻፉ! ከዚያ የምታሻሽሉትን!» ማንም አያየውም ብሏል። እንግዲያው እውነቱን ልጻፍ...

የማመሰግንበት፦ ከቤቴ ባምቢስ እስካለው ቢሮዬ ድረስ በእግር ያስኬዳል። መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሮ፣ ታክሲ የጠበቀ ሁሉ ቆሞ ቀረ።

ዛሬ ዱባይ፣ ጓንጁ፣ ባንኮክ ትኬት ቆረጥኩ። ለሰው። እኔስ የት በረርኩ? የትም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞላኝ፣ ሥራዬ ሰው መሸኘት ነው። ፓስፖርት ግን አለኝ። አንድ ማህተም ሳያርፍበት ጊዜው ሊያልፍ ነው።

የማሻሽለው፦ ምሬቴን። እስቲ እናያለን።

ጥቅምት 16

አጠገቤ የምትሠራው ሉሊ፣ «ነፃ ትኬት ቢሰጡሽ የት ትሄጃለሽ?» አለችኝ።

«ጅዳ።»

«ውይ፣ ለዑምራ?»

አዎ አልኳት። ዋሸሁ። የአንድ ሰው በር ነው የማንኳኳው። አባቴ ይመር፣ መንግሥት የተለወጠ ዓመት በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ገባ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይልክ ነበር። «ሉባባ፣ አይዞሽ። ዙልፋ፣ ጎበዝ ሁኚ። ለአረፋ እመጣለሁ።» ሉባባ እማ ናት፤ ካሴቱን ክሩ እስኪበጠስ አዳመጠችው። ከዚያ ካሴቱም ቀረ፣ ስልኩም ቀረ። ጅዳ አየነው የሚል ሰው ግን አልጠፋም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። የማትመጣ ከሆነ ለምን እመጣለሁ አልክ? ይቺን ብቻ። ፊት ለፊት።

ግን የቪዛውን ሕግ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ለደንበኛ በየቀኑ የማስረዳው እኔ ነኝ። ከአርባ አምስት ዓመት በታች ያለች ሴት ያለ መህረም አትገባም። ወይ ባል፣ ወይ ወንድም፣ ወይ አባት ይዟት መሄድ አለበት። ባል የለኝም። ወንድም የለኝም። አባቴን ለመፈለግ አባት ያስፈልገኛል። በቃ።

ኅዳር 1

ሁለተኛው ሥልጠና። ክብ ሠርተን ተቀመጥን። «የልጅነት ቁስላችሁን አውጡት!» ሉሊ የእንጀራ እናቷን አወጣች፣ አለቀሰች፣ ተጨበጨበላት። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ምን እንዳስለፈለፈኝ እንጃ... የዶሮውን ነገር ነገርኳቸው።

በግቢያችን እስላም እኛ ብቻ ነበርን። ወንድ በሌለበት ቤት ደግሞ ዶሮ የሚያርድ የለም። ሌላ እናት ብትሆን በጠዋት ዘመድ ታስጠራለች፣ መስጊድ ትልካለች። እማ ግን፣ «አባትሽ ለአረፋ እመጣለሁ ብሏል። መጥቶ ሌላ ሰው አርዶ ቢያገኝ ምን ይላል?» ትልና ትጠብቃለች። ተስፋ የምትቆርጠው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያኔ ዶሮውን ታሳቅፈኛለች፣ ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልላ ታስይዘኛለች። ቶታሉ ጋ፣ ማደያው ጥግ፣ ሄጄ እቆማለሁ። ወንድ ሲያልፍ እጠይቃለሁ። «አባባ፣ እስላም ነዎት?» የሚስቅ አለ። የሚቆጣ አለ። ዶሮው ደረቴን ይቧጭረኛል።

አንዴ አንዱ አዎ ብሎ አረደልኝ። ቢስሚላህም ብሏል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዶሮው ሲንፈራገጥ የሸሚዙ ቁልፍ ተፈታ... አንገቱ ላይ ማተብ። «ስታለቅሺ አሳዘንሽኝ» አለኝ። እማ አልነካም አለች፤ ያረደው ክርስቲያን ነው። ጎረቤታችን እትዬ ሀብትነሽም አልነካም አሉ፤ የታረደው በቢስሚላህ ነው። የግቢው ውሻ በላው። እኛ አረፋን በሽሮ ዋልን።

ከዚያ በኋላ የእትዬ ሀብትነሽ ባል ጋሽ ወልደአረጋይ፣ ከቢሮ ሲመለሱ ኮታቸውን እንደለበሱ አብረውኝ መቆም ጀመሩ። ማተብ ያሰሩ ሰውዬ፣ አላፊውን ሁሉ በአክብሮት፦ «ወንድም፣ ይቅርታ፣ እስላም ነህ? ለልጄ እረድላት።» በሳቸው ማንም አይስቅም። ነፍሳቸውን ይማር፣ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

ተናግሬ ስጨርስ የዘአማኑኤል ዓይን በራ። ያ ዓይን አላማረኝም።

ኅዳር 13

ቴሌቪዥኑ ከሳዑዲ የተባረሩትን ያሳያል። ቦሌ ሲወርዱ። ባዶ እግሩን የወረደ አለ። እማ ስክሪኑ ላይ ተለጥፋ ፊት ትፈልጋለች።

«እማ፣ ተይ በቃ። ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ።»

«ዝም በይ! ያ ረጅሙ ሰውዬ...»

አልነበረም።

ኅዳር 20

መጣ።

አንድ ፌስታል ይዞ። ሽበት ብቻ ሆኗል። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዙልፋ ነሽ?» አለኝ። «ማንን ፈለጉ?» አልኩት። አውቄዋለሁ እኮ። ገና በሩ ሲንኳኳ ነው ያወቅኩት።

እማ እልል አለች። ሃያ ዓመት አልፎት እልል! ምንም አልጠየቀችውም። ውሃ አሞቀችለት። እኔን ግን ጉዞዬን እንኳ ቀማኝ። እሱ በር ላይ እኔ ነበርኩ መቆም የነበረብኝ።

ታኅሣሥ 9

አንድ ክፍል ለሦስት። ለሱብሂ ሶላት ሲነሳ እነቃለሁ። ያስላል፣ ውሃ ያፈሳል። እርስዎ እለዋለሁ፣ እንደ እንግዳ። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። እጁ ይንቀጠቀጣል። እማ ግማሽ ድረስ ብቻ ትቀዳለታለች፤ እንዳላየች ሆና።

ያቺን ጥያቄ አልጠየቅኩትም። ምን እየጠበቅኩ ነው?

ጥር 18

ሉሊ ጎትታ ወሰደችኝ። መስቀል ፍላወር፣ ትልቅ አዳራሽ፣ መግቢያው በትኬት። ዘአማኑኤል መድረኩ ላይ እየዘለለ፦ «አንዲት ልጅ ነበረች! አባቷ ሞቶባት፣ ዶሮ አቅፋ ጎዳና ላይ የምትለምን! ዛሬ ግን የራሷን የጉዞ ወኪል ከፍታ ዓለምን ትዞራለች!» ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ሉሊም አጨበጨበች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝና እጇን ሰበሰበች።

ሲያበቃ በሩ ላይ ያዝኩት።

«እኔ አልለመንኩም።»

«ዙልፊዬ! ማለቴ... ታሪኩ ሰው እንዲነካ ትንሽ ይስተካከላል። ፓኬጅ ነው በቃ።»

«አባቴም አልሞተም። ቤት ተኝቷል።»

«ኧረ ሲሞት ነው የሚያምረው!» አለና ሳቀ።

እውነት ለመናገር፣ እኔም ልስቅ ትንሽ ነው የቀረኝ። በሐሳቤ ስንቴ ገድዬዋለሁ? ግን የእኔ ነው። ከተገደለም እኔ ልግደለው እንጂ ይኼ ዘላይ ማን ሆኖ ነው! ሥልጠናው ለእኔ ዛሬ አበቃ። መጻፉን ግን አልተውኩም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

መጋቢት 3

ዛሬም አልጠየቅኩትም።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። እትዬ ሀብትነሽ እንደ ወጉ ድፎ ይዘው መጡ። ሥጋ አያመጡልንም፣ እኛም አንወስድላቸውም። በዳቦ ነው ተዋደን የኖርነው።

ሲጫወቱ ሲጫወቱ፣ «አቶ ይመር፣ ወልደአረጋይ ቢኖር እንዴት ደስ ባለው! ከዚች ልጅ ጋር መንገድ ላይ ቆሞ እስላም ሲፈልግ፣ ቢሮ ‹ሰለምክ እንዴ?› እያሉ ይስቁበት ነበር እኮ» አሉ።

«እስላም ሲፈልግ?» አለ እሱ።

አያውቅም ለካ። እማ አልነገረችውም። አጎነበሰች። እትዬ ሀብትነሽ ሁሉንም ነገሩት፣ ከነውሻው። ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ያለቅሳል ብዬ ጠበቅኩ። ምን አለ? «የት ጋ ነበር የምትቆመው?» ቶታሉ ጋ አሉት። «ከዚህኛው ጥግ ወይስ ከማዶ?» እሱን ነው የጠየቀው! ጥጉ ምን ያደርግለታል? ተነስቼ ወጣሁ። መንገድ ለመንገድ ስዞር ዋልኩ።

ሰኔ 6

ጠየቅኩት። እማ ገበያ ሄዳ ነበር።

«የማይመጡ ከሆነ ለምን እመጣለሁ ይሉ ነበር?»

«ሚና ነበርኩ» አለ። መካ አጠገብ፣ ሐጃጆች በግ የሚያሳርዱበት ቦታ። «ዓመቱን ሙሉ ሥራ የለም። መኖሪያ ወረቀት የለኝ፣ ተደብቄ ነው የምከርመው። ሥራ የሚገኘው አረፋ ሲደርስ ነው። አራጅ ይፈልጋሉ። አረፋ እስኪደርስ ልሄድ ነው እላለሁ... ሲደርስ ደግሞ ሥራው ነው። እሱን ትቼ ምን ይዤ ልምጣ?»

ቀንም ሌሊትም በግ። ስሙን ለማያውቀው ሰው። እጁም የተበላሸው እዚያ ነው።

«እሺ፣ ስልክስ?»

«ባዶ እጄን ደውዬ ምን ልበል?»

ይኼ መልስ ነው? ጅዳ ድረስ ልሄድ የነበረው ይኼን ለመስማት ነው? አረፋ በመጣ ቁጥር እሱ እዚያ ለዓለም ሕዝብ በግ ያርዳል። እኔ እዚህ አንዲት ዶሮ አቅፌ የሚያርድ እለምናለሁ... አይ፣ አልለመንኩም። እጠይቃለሁ።

እንኳን አልሄድኩ።

መስከረም 22 ቀን 2007 ዓ.ም.

ነገ የአረፋ ዋዜማ። እማ ዶሮ ገዛች። በግ ድሮም የእኛ አቅም አልነበረም። «ዘንድሮስ ወንድ አለን!» ብላ በመስኮት ወደ እትዬ ሀብትነሽ ጮኸች። የልጃገረድ ሳቅ ሳቀች፣ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

እሱ በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። እጁን ጋቢው ውስጥ ደበቀ። አየሁት፤ እንዳየሁትም አየኝ። ይቅመሳት አልኩ በሆዴ። እሺ፣ ክፉ ነኝ። ማንም አያነበውም።

መስከረም 23

ከቢሮ ስወጣ ያካፋል። ሰው ለበዓል ይሯሯጣል። ቶታሉ ጋ ስደርስ አንድ ሰው ቆሟል። ዶሮ አቅፏል። ብብቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል።

አባቴ ነው።

አልተሻገርኩም። ማዶ ቆሜ ልየው አልኩ። አላፊውን ሲያናግር አያለሁ፣ ድምፁ አይሰማኝም። አንዱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፣ አላየውም። አንዱ እጁን አወናጨፈበት። አንድ ደህና የለበሰ ልጅ ቆመ። የገባው መሰለኝ። ኪሱ ገባና አሥር ብር አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት፣ ሄደ። አባቴ ብሩን አየው። «ልጄ! እንዲህ አይደለም! ልጄ!» ብሎ ሲጮህ ያኔ ሰማሁት። ልጁ አልዞረም። ብሩ ከእጁ ጋር ይንቀጠቀጣል።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ስንት ዓመት ስመኘው የኖርኩት ይኼንን አይደል? እዚያ ጥግ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከነዶሮው። ደስ አላለኝም። አፈርኩ... ለእሱም ለእኔም። ተሻገርኩ።

«እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ውጭ አርጄ ልምጣ ብያት ነው የወጣሁት» አለ፤ ፊቱን ዝናብ አርሶታል። «ቢላዋው ከእጄ ቢያመልጥ ሐራም አድርጌ አበላችኋለሁ። እናትሽ ደግሞ ወንድ አለን ብላ ጎረቤት አሰምታለች። ምን ልበላት?»

ዶሮውን ተቀበልኩት። ለካ ይከብዳል።

«ስንት ጊዜ ቆምሽ እዚህ?»

«አልቆጠርኩም።»

«ሰው ይስቅ ነበር?»

«ጋሽ ወልደአረጋይ ካሉ አይስቅም።»

አንድ የታክሲ ረዳት ከማደያው ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ። አፌን ስከፍት የወጣው የጋሽ ወልደአረጋይ ንግግር ነው።

«ወንድም፣ ይቅርታ፣ እስላም ነህ? ለአባቴ እረድለት።»

ረዳቱ አልሳቀም። እጅጌውን ሰበሰበ።

መስከረም 24

አረፋ። ዶሮ ወጥ በላን። እማ እሱ ያረደው መስሏታል። «የአባትሽ እጅ ያለበት ነው፣ ብዪ!» እያለች ትጨምርልኛለች። አላረምኳትም። እሱ አቀርቅሮ ይበላል። ከእጁ እየወደቀ ሲያስቸግረው ሥጋውን ከአጥንቱ እየለየሁ ፊቱ አደረግኩለት።

ይቅር አላልኩትም። ይኼን ልጻፈው፣ በኋላ ራሴን እንዳልዋሽ።

የፓስፖርቴ ጊዜ አልፏል። ሉሊ አሳድሺው ትለኛለች። አሁን ይዞኝ የሚሄድ አባት አለኝ። የማንኳኳው በር ግን የለኝም።