ጸሎት ከመኪናው አልወርድ ያለች ጊዜ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

እንደ ሁልጊዜው አሥር ሰዓት ላይ ወጣን። ልጄ ጸሎት ከኋላ፣ በግራ በኩል። መስኮቶቹ ዝግ። ከሰፈራችን ከሹም አቦ ወደ ሐይቁ፣ ዳሩን ይዘን እስከ ዓባይ ድልድይ፣ ከዚያ ዞረን ወደ ቤት። ውሃው ሲታያት ማንጎራጎር ጀመረች… ያቺን አንድ ዜማዋን። ስምንት ዓመቷ ነው። ቃል አይወጣትም፤ ግን ያቺ ዜማ አለቻት። ከቀኑ ሁሉ እኔም የማርፈው ያኔ ብቻ ነው።

ምሳ አልበላችም። እራት በላች። ልብስ አጠብኩ። ሀዲስ ከመተማ በኩል ደወለ፤ የመንገድ ሥራው እስከ ገና አያልቅም አለ። ባሌ ድምፅ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ግቢ ስንገባ ከመኪናው ሥር ትንሽ ውሃ አየሁ። የኤሲ ይሆናል… ግን ኤሲ ከፍቼ ነበር እንዴ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሐይቁ ዳር ስንደርስ የሙቀቱ ጠቋሚ ወደ ቀዩ ወጣ። አጠፋሁት። ኮፋኖውን ስከፍት እንፋሎት ፊቴ ላይ። መኪናው ሲቆም ጸሎት ጀመረች። መጀመሪያ ጩኸት፣ ከዚያ የገዛ እጇን መንከስ። ሰው ከበበን። ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ያዩዋታል። አንድ ጎልማሳ ሞተሩ እስኪበርድ አብሮኝ ጠበቀና በጀሪካን ውሃ አምጥቶ ሞላልኝ።

"ምን ሆና ነው?"

"ታማለች" አልኩ። ሁልጊዜ የምለው ነው።

ቀስ እያልኩ ቤት ገባሁ። እጇ ቆስሏል። ቅባት ስቀባላት እኔንም ነከሰችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ለሀዲስ ደወልኩ። "የራዲያተሩን ቱቦ የሚያስረው ብረት ላልቶ ይሆናል። በካቻቢቴ አጥብቂው።" አጠበቅኩ። ውሃ ሞላሁ። አስነሳሁት። ከሰፈር ሳንወጣ ጠቋሚው እንደገና ወጣ። ተመለስን።

ጸሎት አልወረደችም። እራቷን መኪና ውስጥ አበላኋት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ደሞዝ የሚባል መካኒክ መጣ። ሀዲስ ነው በስልክ ያገኘው። ኮፋኖውን ከፍቶ ብዙም አላየ። "የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው ሳይሆን አይቀርም። ሞተሩ መፈታት አለበት። እዚህ አይሆንም፣ ጋራዥ ጎትቼ ልውሰደው" አለ።

ጸሎት ኋላ ተቀምጣለች። "ልጅቷን አውርጂያት" አለኝ። ለመንኳት። ዳቦ አሳየኋት። አቀፍኳት… ጭንቅላቷን ከበሩ ብረት ጋር አጋጨች። ደግማ። ደግማ። ደም በቅንድቧ ላይ ወረደ። ለቀቅኳት።

ደሞዝ ገመዱን ይዞ ቆሞ ቀረ።

"እኅቴ፣ እኔም ልጅ አለኝ" አለ። "ይህን ማየት አልችልም። እሷ ውስጡ እያለች ልጎትተው ብልስ መንገድ ላይ ምን ትሆናለች? ስትረጋጋ ደውይልኝ።"

ማታ ደወልኩ። አያነሳም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ዛሬም መኪናው ውስጥ ናት። አላንጎራጎረችም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናት። አሥር ሰዓት ሲሆን የፊት ወንበሩን በእግሯ ትመታለች… ሂጂ ነው። ወዴት ልሂድ? ቁልፉን አዞራለሁ፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ትንሽ ትረጋጋለች፤ ይሞቃል፤ አጠፋለሁ። ከዚያ ጩኸት። ድምፄ እንኳ ጠፍቷል። እኔም አብሬ ጮኼ ነበር መሰለኝ።

ና ብዬ ደወልኩለት። "መንገዱ ተዘግቷል" አለ ሀዲስ። "አውቶቡስ የለም። ሲከፈት እመጣለሁ።"

"አንተ እዚያ ነህ።"

"መሲ…"

"አንተ እዚያ ነህ አልኩህ።" ዘጋሁበት።

ፋብሪካ ውስጥ ላብራቶሪ ስሠራ ሰው ነበርኩ። ምሳ የሚጠራኝ ነበር። ለእሷ ብዬ ለቀቅኩ። እናቴ ደሴ ናት፣ እህቴም። እዚህ ማን አለኝ? ዛሬ የግቢውን በር ከፍቼ ቆምኩ። አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ዝም ብዬ ብሄድስ… ሳልዘጋው፣ ሳልዞር… የት እንደምደርስ እንኳ አላሰብኩም። እግሬ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ። ገባሁ።

ይህን ለማንም አልነግርም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

መኪናው ከዚህ አይነሳም። መካኒክም አይመጣም። ታዲያ?

ላብራቶሪ ውስጥ ብሆን ምን አደርግ ነበር? መጀመሪያ አደርቀው ነበር። ጨርቅ አመጣሁና ሞተሩን ዙሪያውን ጠረግኩት። የዘይቱን መለኪያ መዝዤ አየሁ፤ ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃ አልገባበትም። ሲነሳም ከኋላ ነጭ ጭስ አይወጣም። ቴስታታ ቢሆን እንዲህ ይሆናል? ለሀዲስ ነገርኩት። "እንደሱ ከሆነማ ቴስታታ አይመስለኝም" አለ። ትላንት የዘጋሁበትን አላነሳብኝም።

ካርቶን ከሥሩ ዘረጋሁ። ራዲያተሩን ሞልቼ አስነሳሁት። ጸሎት ከኋላ ሆና ንዝረቱን ትሰማለች፤ ዝም ብላለች። መሬት ተኝቼ በስልኬ መብራት አየሁ። ቱቦዎቹ ደረቅ። ራዲያተሩ ደረቅ። ካርቶኑ ግን ራሰ… በቺንጋው፣ በጎማው ቀበቶ በኩል። ቺንጋው ከሚዞርበት ፑሌጃ ጀርባ፣ ከአንዲት ትንሽ ቀዳዳ፣ ጠብ… ጠብ። አጥፍቼ ሲበርድ ፑሌጃውን በእጄ ያዝኩት። ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። እንደ ላላ ጥርስ።

"ዋተር ፓምፑ ነው!" አለ ሀዲስ። "ውስጡ ያለው ኩሽኔታ አልቋል። መሲዬ፣ እሱ እኮ ከውጭ ነው የሚፈታው። ሞተሩ አይነካም።"

"ማን ነው የሚፈታው?"

የጠየቅኩት የገዛ እጄን እያየሁ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ፓምፑን መግዛት አለብኝ። ጸሎትን ብቻዋን መተው አልችልም። ባጃጅ ውስጥ አትገባም። ጠዋት ጠዋት ከመኪናው ወርዳ ሽንት ቤት ትገባለች፤ ያኔ እጇን ያዝኩና በእግር ወጣን። ይህን ሰፈር በእግሯ ረግጣው አታውቅም።

እስከ ማዕዘኑ ድረስ መጣች። ከዚያ የሚጮህ ባጃጅ አለፈ። መሬት ላይ ተጣለች። አቧራው ውስጥ፣ ፊቷን ሸፍና። ሰው ተሰበሰበ። "ጠበል ውሰጃት" አለች አንዷ። "ውሃ አፍስሱባት" አለ ሌላው። አንዱ ሊያነሳት እጇን ሲይዝ ጩኸቷ ባሰ። መሬቱ ቢውጠኝ… ያን ብቻ ነው ያሰብኩት።

አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ አሮጊት ሰዉን እየገፉ ገቡ። ፊት ለፊታችን ካለው ቤት የሚኖሩት እማማ ፅጌ ማርያም ናቸው። ባላቸው መሪጌታ ነበሩ፤ አሁን ብቻቸውን ናቸው። ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ጸሎትን አልነኳትም። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ።

"እስቲ እኔም ልረፍ። ጉልበቴ አልችል ብሎኛል" አሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ "እናንተስ መንገድ የላችሁም?" አሉ። ሰዉ አንድ አንድ እያለ ሄደ።

እኔም ተቀመጥኩ። ጸሎት ጩኸቷ እየቀነሰ መጣ።

"ስሟ ማን ነው?"

"ጸሎት።"

"ይህን ያህል ጎረቤት ሁነን ልጅ እንዳለሽ አላወቅሁም" አሉ። ወቀሳ አልመሰለኝም። "መኪናው ሲገባ ሲወጣ አያለሁ። ብቻሽን ትመስይኝ ነበር።"

ምን ልበላቸው? ያለቀስኩትም እዚያው አስፋልቱ ዳር ነው። እሳቸው አላባበሉኝም። ተነስተው አቧራቸውን አራገፉ።

"የሚገዛ ነገር ካለሽ ነገ እኔ ካንቺ ቤት እቀመጣለሁ" አሉ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

መጡ። በርጩማ ወጥቶላቸው ከመኪናው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ዳዊታቸውን ከፍተው በለሆሳስ ያነባሉ። ጸሎት በመስኮቱ ታያቸዋለች። እየሮጥኩ ሄድኩ፣ እየሮጥኩ ተመለስኩ። ፓምፑ፣ ከሥሩ የሚገባው አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያ ሲሊኮን። ስገባ የመኪናው መስኮት ተከፍቷል።

"እርስዎ ነዎት የከፈቱት?"

"እኔ? መቼ አውቄበት? እሷ ናት።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጀመርኩ። ሀዲስ በስልክ፣ እኔ በካቻቢቴና በቁልፍ። ባትሪውን ነቀልኩ። የቀረውን ውሃ በሳፋ ተቀበልኩ። ዲናሞውን አላልቼ ቺንጋውን አወጣሁ። ፑሌጃው ወጣ። ቦታው ጠባብ ነው፤ እጄ ገብቶ አይዞርም። ጥፍሬ ተነቀለ። ቡሎኖቹ አንድ በአንድ ወጡ… የመጨረሻው ሲቀር። ከታች ያለው። ዝጓል። ታገልኩት። ጭንቅላቱ ተላላጠ፤ ቁልፉ ባዶውን ይዞራል።

ስልኩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል አይገባም።

ቁልፉን ግድግዳው ላይ ወረወርኩ። ጸሎት ደነገጠችና ጆሮዋን ያዘች። አሁን መኪናው ጭራሽ አይነሳም። ትላንት ቢያንስ ሞተሩ ይነሳላት ነበር። እሱንም ነጠቅኳት። አሥር ሰዓት ላይ ወንበሩን መታች፣ መታች፣ እኔም ምንም የምሰጣት የለኝም። ይቅር ብዬ ደሴ ብሄድስ? በምን? ማን ያሳፍረናል?

እማማ ፅጌ ማርያም ጩኸቱን ሰምተው ሽሮ ይዘው መጡ። "ብዪ" አሉ። በላሁ። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም ነበር ለካ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሀዲስ ጠዋት በስልክ ተገኘ። "ዘይት አፍስሺበትና ተዪው። ከዚያ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያልሽ ምቺ፤ እንዳትሰብሪው። ቀጥሎ ጥርስ ባለው ፒንሳ ነክሰሽ ያዢው።"

ዘይቱን አፈሰስኩ። ልብስ አጠብኩ። ተመለስኩ። መታሁ። ቀስ እያልኩ። ፒንሳውን አስነክሼ በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩበት… ተንሸራተተ። እንደገና። ተንሸራተተ። እንደገና። ኪርር አለ። ተሰበረ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልተሰበረም። ዞሯል።

አሮጌው ፓምፕ እጄ ላይ ወደቀ። ውስጡ ቡናማ ዝገት ነው። ለዚህች ብረት…

የተጣበቀውን አሮጌ ጓርኒሲዮን በምላጭ ፋቅኩ፤ ሀዲስ "አንዲት ቅንጣት እንዳትቀር፣ በዚያ ነው የሚያፈሰው" ስላለኝ በጣቴ እየዳበስኩ። አዲሱን ገጠምኩ። ቺንጋው አልገባም ብሎ አሰቃየኝ፤ ገባ። ሲሊኮኑ እንዲደርቅ ለነገ አሳደርኩት። ማስነሳት እፈራለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ውሃ ሞላሁ። ደረቅ ካርቶን ከሥሩ ዘረጋሁ። አስነሳሁት። እማማ ፅጌ ማርያም አማተቡ። ጠቋሚው መሃል ደረሰና ቆመ። ጠበቅኩ። ካርቶኑ ደረቅ ነው። ጎንበስ ብዬ እንደገና አየሁ። ደረቅ።

መሬት ላይ ተዘረርኩ። ደስታ ይሁን ድካም አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

አሥር ሰዓት ላይ ወጣን። ጠቋሚው ንቅንቅ አላለም።

ጸሎት ግን ከሰፈር ሳንወጣ ጀመረች። ሐይቁ ሲታያት ታንጎራጉራለች ብዬ ነበር። ጮኸች። እስከ ድልድዩ ሄድኩ፤ ጮኸች። ዞርኩ፤ ደግሜ ዞርኩ። ያው መንገድ፣ ያው ወንበር። የኋላ በሩን በእግሯ ትመታለች። ለዚህ ነው እንዴ ይህ ሁሉ? ይህም ካልሰራ ሌላ ምን አለኝ? ዓይኔ እንባ ሞላ፤ መንገዱ አልታየኝ አለ። ሐይቁ ዳር ያዝኩና አቆምኩ። መሪው ላይ ተደፋሁ።

ከዚያ ወርጄ በሯን ከፈትኩላት። ለምን እንደከፈትኩ አላውቅም። በነዚያ ሁሉ ቀናት እዚያ በሯን ከፍቼላት አላውቅም።

ወረደች። ወደ ውሃው ቀጥ ብላ ሄደች። ተከተልኳት፣ ጫማዬን ሳላወልቅ። ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ቁጭ አለች፤ ከነልብሷ። በመዳፏ ውሃውን መታች። ጩኸት የለም፣ ዜማም የለም። ዝም ብላ ትመታዋለች። ሰዎች ያያሉ። ይዩ።

ታንኳውን የሚያስር ሰውዬ ቀና አለ። "ምን ሆና ነው?"

"እንዲህ ናት" አልኩት። "ጸሎት ትባላለች።"

አየት አደረጋት። "ከዚያ ወዲያ ይጠልቃል። አታሳልፊያት" አለና ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ራሷ ተነሳች። ራሷ መኪናው ውስጥ ገባች።

ሀዲስ ደወለ።

"አፈሰሰ?"

"አላፈሰሰም።"

"ጸሎትስ?"

"ከነልብሷ ርሳለች።"

"ከመኪናው ወርዳ?"

"ወርዳ።"

ከዚያ ድምፁ ተቆራረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ… አልጠየቅኩትም።

እሷ ተኝታለች። ነገ እማማ ፅጌ ማርያምም አብረውን ሊሄዱ ነው። የኋላ ወንበሩ ግን ገና አልደረቀም። በሮቹን ከፍቼ ትቻቸዋለሁ።