ከመቅረዙ የጠፋው ቆርቆሮ

ለውድ እህቴ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እናታችንስ፣ ዓይኗ መለስ አለላት ወይ? ባለቤትሽ፣ መንትዮቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት አልችልበትምና የሆነውን ልንገርሽ።

ቀጮ ከምንለው ባልደረባዬ ጋር የእንጨት መቅረዝ እንደምንሠራ ታውቂያለሽ። እኔ እንጨቱን በቶርኖ እቀርጻለሁ፣ ሻማው የሚቆምበትንም ጉድጓድ እበሳለሁ። እሱ ጉድጓዱን ቆርቆሮ ያለብሰዋል። ቆርቆሮው ከሌለ ሻማው ነዶ ሲያልቅ እሳቱ እንጨቱን ይይዛል።

ባለፈው ወር አንዲት አዋላጅ ከሱቅ የገዛችውን የእኛን መቅረዝ ግማሹ ከሰል ሆኖ ይዛ መጣች። መጋረጃዋ ነዷል፤ አልጋ ላይ የዋሉትን አባቷን ጎረቤት ነው ተሸክሞ ያወጣቸው። «ሰው ልትፈጁ ነው?» ብላ ወረወረችልን። ጉድጓዱን ባየው ቆርቆሮ የሚባል የለበትም። ቀጮ ሳላለብስ የሰጠሁት የለም ብሎ ማለ።

የኔ ሆድ ግን ሻከረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ሻይ ልጋብዝህ ሲለኝ ምን ሊሸፍን ነው እላለሁ፤ ሲያስነጥስ እንኳ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። አንድ ቀን እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ቦርሳውን ከፈትኩ። ቁርጥራጭ ቆርቆሮ! ቀና ስል በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። «የቤቴ ጣሪያ ያፈሳል፣ ትርፍራፊውን ለመድፈኛ ብዬ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አላመንኩትም።

በማግስቱ የቀሩትም ቆርቆሮ እንዳላቸው ልይ ብዬ መቅረዞቻችንን ወደሚሸጠው ባለሱቅ ሄድኩ። ደርሼ ባይ፣ ሰውዬው አንዱን መቅረዝ በጉልበቶቹ መሃል ወጥሮ ይዞ ቆርቆሮውን በፒንሳ ይነቅላል! ምን እየሠራህ ነው ብዬ ብጮህበት፣ «የኔ ሻማ ወፍራም ነው፣ አልገባ አለኝ፤ ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ፣ የጽድቅ ሥራ እንደሠራ ሰው። እትዬ፣ የተናደድኩት በሱ ይሁን በራሴ እንጃ።

አሁን ጉድጓዱን አስፍተን ቆርቆሮውን በትንንሽ ሚስማር እንቸነክረዋለን፤ እንዳይገለበጥም መቀመጫውን አክብደነዋል። ለአዋላጇ አዲስ ወሰድንላት። ተቀበለችን፣ ግን እፊታችን ሻማ ለኩሳ፣ ነዶ እስኪያልቅ አስቀመጠችን። አልፈረድኩባትም።

ቀጮን ይቅርታ ጠየቅኩት። «ይሁን» አለ። ነገር ግን አንድ መቅረዝ በጨረሰ ቁጥር አምጥቶ አፍንጫዬ ስር ይደቅንና፣ «ጣትህን ክተትና አረጋግጥ» ይለኛል። ተው፣ አምኜሃለሁ ብለው ንቅንቅ አይልም። እዳስሳለሁ፤ ወስዶ ሌላውን ያመጣል።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን አታንብቢላት፣ ትጨነቃለች። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። መንትዮቹን እኩል ሳሚያቸው፣ ይጣላሉ። አክስታችንንም ረሳኝ ብላ እንዳታኮርፍ ለብቻዋ ሰላም በያት።

ወንድምሽ
ከእንጨት ሥራ ቤቱ፣ ሰጋቱራው መሃል
ግንቦት 19 ቀን