የዶክተር ራጋቫን ደብተር

ለውድ እህቴ ለእትዬ እሙዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ቤቱን በ«ወይኔ» ትሞይዋለሽ? ልጆቹ ደህና ናቸው? የደብረ ሲና ጉም እንደ ልማዱ ግቢ ድረስ ገብቶ ዶሮዎችሽን ይሰውርብሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁና ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ። ሙቀቱንስ ተይው። በመጋቢት ጋምቤላ ክዳኑ የተገጠመ ድስት ናት፤ እኛም ውስጡ ቁጭ ብለን እንበስላለን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልሽ የንስሐ አባትሽ አባ ወልደ ትንሣኤ ናቸው። በሰው ልኬላቸው፣ ማለዳ እንዲመጡና አንብበሽ እስክትጨርሺ አጠገብሽ እንዲቀመጡ ለምኛቸዋለሁ። አንቺም የሚቀመስ ላቅርብ ብለሽ አትነሺ። ጉዳዩ የወንድማችን የረታ ነው። ወርቅ ፍለጋ ዲማ ከወረደ ስምንት ዓመት አለፈው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልሽም በ2010 ግንቦት ላይ ነበር። እኔም እዚህ አገር መመደብን የመረጥኩት ለእሱ ብዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ በርበሬ አውርተን ዘጋን።

ኒውላንድ ሰፈር የተከራየሁትን ቤት ነግሬሻለሁ። አከራዬ አቶ ሸሪፍ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ጨዋታ የሚወዱ ደግ ሰው። ከእኔ በፊት በቤቱ የኖረው ዶክተር ራጋቫን የሚባል፣ እንደ እኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር ህንዳዊ ነበር፤ ኮንትራቱ አልቆ በ2012 አገሩ ገባ። አንድ ካርቶን ወረቀት ትቶ ነበርና አቶ ሸሪፍ አምጥተው ሰጡኝ። «አንተም የእንግሊዝኛ ሰው ነህ፣ ይጠቅምህ ይሆናል፤ እኔ ለዕቃ መጠቅለያ ላደርገው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ» አሉኝ። ለምን እምቢ እንዳላቸው ብጠይቃቸው፣ ሳቁና ወሬ ለወጡ።

ካርቶኑ ውስጥ አንድ ወፍራም ደብተር አለ። ህንዶች በእንግሊዝኛ መግጠም እንዴት እንደጀመሩና የት እንደደረሱ የሚናገር የማስተማሪያ ማስታወሻ ነው። አንቺ ህንዶችን የምታውቂያቸው በዛፍ ዙሪያ እየሮጡ ሲዘፍኑ ነው፤ እኔም ከዚያ ብዙ አልሻልም ነበር። ዘንድሮ ግን ይህንኑ ትምህርት እንዳስተምር ተመደብኩና ደብተሩ ነፍሴን አተረፋት።

ዶክተር ራጋቫን የማንንም ግጥም አልገለበጠም። ለየዘመኑ፣ በዘመኑ አጻጻፍ፣ አንዳንድ ግጥም ራሱ ጽፏል። የመጀመሪያው የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ የነበሩት ሰዎች ዓይነት ነው፤ ገዢዎቻቸውን መስለው፣ በዓይናቸው ያላዩትን በረዶና ያላሸተቱትን አበባ የሚያወድሱ። ቀጥሎ የነጻነቱ ዘመን ይመጣል፤ አማልክቱ፣ ትልልቁ ወንዝ፣ እናት አገር፣ ሁሉም ከፍ ባለ ድምፅ። ነጻ ከወጡ በኋላ ግን ግጥሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቤት ይገባል። የአባት ወንበር፣ ግድግዳ ላይ ያለች እንሽላሊት፣ በራስ መሳቅ። ሴቶቹም ያፍሩበት የነበረውን ሁሉ አፍ አውጥተው ይናገሩታል። ቋንቋው የእንግሊዝ ሆኖ ቤቱ የራሳቸው ይሆናል። እኔም ይህን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ቀስት እያደረግሁ ሣልኩላቸው፤ ከባሕር ማዶ ወደ አገር፣ ከአገር ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ መኝታ ክፍል። ቀስቱ ወደ ማን ቤት እየመጣ እንደሆነ አላሰብኩም ነበር።

ኛኪየር የምትባል ኑዌር ተማሪ አለችኝ፤ ዝምተኛ ናት፣ ቤቷም ከእኔ ማዶ ነው። ያን ቀን እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ እኔም አማርኛን እንደ እነሱ ነው የያዝኩት። የእናቴ አይደለም፤ ግን ገበያ ውስጥ ስገዛም፣ ሰው ሲሰድበኝም፣ ስወድም በእሱ ነው። አሁን የእኔ ነው ወይስ የተዋስኩት?» አለችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።

የደብተሩ መጨረሻ ከአገራቸው ወጥተው በዓለም የተበተኑት ዘመን ነው። ለዚህ ዶክተሩ የጻፈው ግጥም ስለዚሁ ስለ ጋምቤላ ነው። ስንፍናዬን ታውቂያለሽ፣ አስቀድሜ ሳላነበው ክፍል ገብቼ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አገሩን የሚያስታውሰው የኒም ዛፍ አለበት፤ ግቢዬ ውስጥ ያለው ነው። ከአልጋው በላይ የተሰነጠቀ ግድግዳ አለበት፤ ዘወትር ጋደም ብዬ የማየው ነው። ከዚያ በቀትር፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ሲተኛ፣ መጥቶ ደረጃው ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ። እግሩ እስከ ጉልበቱ እርጥብ ነው። ውሃ ሲሰጡት አይጠጣም። ይህ ሰው አንድ ነገር ይናገራል፤ ንግግሩ እንግሊዝኛ አይደለም፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ አምስት ቃል ነው። አፌ እያነበበ ሄደና ጆሮዬ ዘግይቶ ሰማው። «በሩን ዝጊው እቴ፣ ብርዱ እንዳይገባብሽ» ይላል።

እትዬ፣ ይህን ማን ይል እንደነበር ለአንቺ አልነግርሽም። በየማታው ሲወጣ ነበር የሚለው፣ ከዚያው ከሚጎትተው ሳቁ ጋር። ተማሪዎቼ ፊት እንባዬ መጣና ላብ አስመስዬ ጠረግሁት፤ ንባቡንም እዚያው አቆምኩ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ አልዋሽሽም። ከግጥሙ ሥር ያለው ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ታኅሣሥ 2011 ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ ወንድማችን በሕይወት ነበር፣ እዚህ ከተማ፣ እዚሁ ደጅ መጥቶ ነበር አልኩ። ለጥምቀት ትምህርት ሲዘጋ በቀጥታ ዲማ ሄድኩ። እያጠያየቅሁ ጥዑመልሳን የሚባል ከረታ ጋር አብሮ ይቆፍር የነበረ ሰው አገኘሁ። ስሙን ስጠራለት ተነስቶ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፤ ሲመለስ የረታን መታወቂያ ይዟል። ጉድጓዱ የተደረመሰው፣ ውሃም የሞላው ሐምሌ 2010 ነው። ሦስት ቀን ቀድተው ቀድተው አቃታቸው። መታወቂያው እዚያው ዲማ የወጣ ስለነበር የቤተሰቡን አድራሻ የሚያውቅ አልነበረም። «ሬሳውን ሳናወጣ አፈር መለስንበት፣ ይቅር በሉኝ» ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። መታወቂያው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ።

ሐምሌና ታኅሣሥ፣ እትዬ። አምስት ወር። በመኪናው ላይ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ወሮቹን በጣቴ እየቆጠርኩ፣ የተሳሳትኩ እንዲሆን ፈጣሪን እየለመንኩ መጣሁ።

ለዶክተር ራጋቫን በኢሜይል ጻፍኩለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መለሰልኝ። ሰውየው ስሙን ነግሮት እንደማያውቅ፣ የግቢው ዘበኛ ይመስለው እንደነበር ጻፈ። እሱ አማርኛ አይችልም፣ ሰውየውም እንግሊዝኛ አያውቅም፣ ነገር ግን የሚለው አብዛኛው ይገባው ነበር፤ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። የገባውን ባለው ቋንቋ ጻፈው፤ ያልገባውን አምስት ቃል እንደሰማው ተወው። ደብተሩንም ረስቶ አይደለም የተወው፤ «ባለቤት አለው ብዬ ነው» አለኝ። አቶ ሸሪፍን ስጠይቃቸው በግቢያቸው ዘበኛ ኖሮ እንደማያውቅ ማሉልኝ። ይህን ካሉ በኋላ ቤቴ አረፍ ብለው አያውቁም፤ ከበር ሰላም ብለውኝ ይሄዳሉ።

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። እናታችን በቀትር ወንዝ አትውረዱ ስትለን እየሳቅሁ የምወርደው እኔ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ኛኪየር ከክፍል በኋላ ቀርታ፣ «ቲቸር፣ ወንድምህ ሁልጊዜ በቀትር ደረጃው ላይ ነው። ለምን አታስገባውም?» አለችኝ። በዚህ ከተማ ወንድም እንዳለኝ ለማንም አልነገርኩም። ወንድሜ መሆኑን በምን አወቅሽ አልኳት። «ግንባሩ እንዳንተ ነው» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። ማንም የለም። ደረጃው ግን እርጥብ ነበር፣ ሁለት እግር የሚያህል። እጄን አሳረፍኩበት። በዚህ አገር ከቧንቧ የሚወርደው እንኳ ትኩስ ነው፤ ያ ውሃ ግን ጣቴን ቆረጠመው።

በዚያው ማታ፣ ክፍል ውስጥ አቋርጬው የነበረውን ግጥም ጨርሼ አነበብኩ። መጨረሻውን ወደ አማርኛ መልሼልሻለሁ፤

እህቴ ከሄድኩ ጀምሮ በሩን አትቀረቅርም።
ክፍት በር ይጠራል፤ ሲጠሩኝም መተኛት አልችልም።
በየቀኑ ተነስቼ እዚህ ደጅ ድረስ እመጣለሁ፣
ከዚህ ወዲያ እግሬ አያልፍም።
አንተ የምትጽፍ ሰው፣ ባለህ ቋንቋ ጻፈኝ፤
አንድ ቀን አንዱ ወደ እሷ ያሻግረኛል።
በሩን ትዝጋው። ልተኛ።

ረታ ድንገት ቢመጣ ደጅ እንዳይቆም ብለሽ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሩን በድንጋይ ደግፈሽ ገርበብ አድርገሽ እንደምታድሪ ከአንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ህንዳዊው ደብረ ሲናን በካርታም አላያትም።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አጥቼው አይደለም። ራሴ መጥቼ ከዘመድ ጋር ማለዳ በርሽን ማንኳኳት ነበረብኝ። ሻንጣዬንም ሸክፌ ነበር። ግን እሱን ደረጃው ላይ ትቼ መሄድ አቃተኝ። አሁን በቀትር ክፍሌ ውስጥ አልተኛም፤ ወጥቼ ከጎኑ ነው ብዬ በማስበው ቦታ እቀመጣለሁ። እፈራለሁ። ደግሞም እናፍቀዋለሁ። ለቅሶውን ተቀመጡለት፣ ፍትሐቱንም አባ ያድርሱለት።

ልጅሽን ኤልናታንን ሳሚልኝ፣ ለአጎቱ ጮክ ብሎ እንዲያለቅስ ፍቀጂለት። እህቱ ቤዛም ከአጠገብሽ አትራቅ፤ ትምህርቷን ለሳምንት ብትተወው ምንም አይደል። ጎረቤታችንን ጋሽ ወልዴን፣ የማኅበርሽን ሰዎች ሁሉ በስማቸው እየጠራሽ ሰላም በይልኝ። አንቺም ጉልበትሽ እስኪከዳሽ አትቁሚ፣ እህል ቅመሺ።

ለቀስተኛው ሲበተን ግን፣ እትዬ፣ በሩን ቀርቅሪው።

ወንድምሽ ወንዳፍራሽ
ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.