በግቢው የተከመረው የብረት ቱቦ ወደ ግድግዳችን እንዲመለስ

ለሕንፃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ሥራ አስኪያጅ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ አዲሱ ቱቦ በገባ በሰማንያ ስድስተኛው ቀን

ጉዳዩ፦ በገዛ ፊርማዬ ያስነቀልኩት፣ ውስጡም ውጭውም የተለበጠ የብረት ፍሳሽ ቱቦ ዓርብ ተጭኖ ከመሄዱ በፊት እንዲታገድልኝና ወደ ቦታው እንዲመለስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛ የምላት ሰው የምድር ቤት ቁጥር ሁለት ነዋሪ፣ የነዋሪዎች ተወካይ፣ የቀድሞዋ ደረጃ ጠራጊ፣ በስድሳ አንድ ዓመቷ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። ይኸውም እኔ ነኝ። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሚመጣ አቤቱታ ሁሉ ሌላ ሰው እንደሚከስ አውቃለሁ፤ እኔም ሌላ ሰው ፈልጌ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። መሐንዲስዎን ሞከርኩ፣ አዲሱን የፕላስቲክ ቱቦ ሞከርኩ፣ ስብሰባ የማይመጡትን ጎረቤቶቼን ሞከርኩ። ሁሉም በየፊናው አመለጡኝና በመጨረሻ እኔው እጄ ላይ ቀረሁ። ከሳሽም ምስክርም ራሴ ስለሆንኩ ቢያንስ ምስክር በመጥራት ጊዜዎን አላባክንም።

1. እኔና ታላቅ እህቴ የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንዱ ግድግዳ በር አለው፣ አንዱ መስኮት፣ አንዱን ቁም ሳጥን ይዞታል። ለእህቴ አልጋ የቀረው አራተኛው ነው። ከአራቱ ፎቆች የመጸዳጃና የመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ የሚወርድበት ቱቦ የሚያልፈውም በዚሁ ግድግዳ ጥግ፣ በራስጌዋ በኩል፣ ከአንድ ስስ ጣውላ ጀርባ ነው። እህቴ ዳሌዋን ከሰበረች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ሰው ካልደገፋት አትነሣም። ዓይኗም ደክሟል።

ወላጆቻችን እሷን ትምህርት ቤት ሰደዱ፣ እኔን ለቤት ሥራ አስቀሩ። ይህን ቂሜን ለሌላ ጽሕፈት ቤት አቆይቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የማነበው በእሷ ዓይን ነበር። የውሃ ማስታወቂያ ቢሆን፣ የሐኪም ወረቀት ቢሆን፣ «እቴቴ፣ ምን ይላል?» እላለሁ፤ ታነብልኛለች። «ድገሚልኝ» እላለሁ፤ ትደግምልኛለች። «ሌላስ አይልም?» ስላት፣ «ወረቀት እንደ ወጥ ጭማሪ የለውም፣ አለቀ!» ትለኝ ነበር። ያኔ መሃይም ነበርኩ፤ አንድም ወረቀት ግን አታሎኝ አያውቅም። ዓይኗ ሲደክም ተራው የእኔ ነው ብዬ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ተማርኩ፣ አወቅሁ፣ ተታለልኩ። ያታለለኝም ሰው የለም።

2. የነዋሪዎች ተወካይ የሆንኩት በችሎታዬ አይደለም፤ በስብሰባው ቀን ቀድሜ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ ነው። ሥልጣኑን ከያዝኩ በሁለተኛው ወር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቱቦው ከመጋጠሚያው ማንጠብጠብ ጀመረ። እኛ ነዋሪዎች «ቶሎ ቶሎ» የምንለው መሐንዲስዎ መጣ። ስሙን ያወጣንለት በክፋት አይደለም፣ ደረጃ ሲወርድ ሁለት ሁለት እየዘለለ ስለሆነ ነው። ደረጃው ሥር አቁሞ ሦስት ገጽ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። ከላይ የሚወርዱ ሁለት ጎረቤቶችም ለማለፍ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ደረጃው እንደሚያውቁት ጠባብ ነው።

እኔ ሳነብ ጣቴ ከፊደሉ ሥር ይሄዳል፣ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል። አንድ ገጽ እስክጨርስ ሩዝ ይበስላል። ይህን ሰው ፊት ላደርገው አፈርኩ። ስለዚህ መነጽሬን አደረግሁና ጣቴን ኪሴ ከተትኩ። ዓይኔን ከላይ ወደ ታች አወረድኩ፣ «እህም» አልኩ፣ ገለበጥኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቅንድቤን ከፍ አደረግሁ፤ የተማሩ ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ሦስተኛው ላይ ራሴን ነቀነቅሁ። በልቤ ግን በየገጹ እስከ ሃያ እየቆጠርኩ ነበር፤ መቁጠር ከድሮም እችላለሁ።

«እማማ፣ ገብቶዎታል?» አለኝ።

«ምኑ ያስቸግራል፣ ግልጽ ነው» አልኩት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች ነበሩ። «ከሁለቱ በአንዱ ላይ ምልክት ያድርጉና ይፈርሙ» አለኝ። ለእጄ የቀረበኝ የታችኛው ስለነበር እሱ ላይ ምልክት አደረግሁ። ፊርማዬ አዲስ ስለሆነ ትልቅ ነው፤ ከተሰጠው መስመር ወጥቶ የመሐንዲስዎን ስም ረግጦታል። ከጎረቤቶቹ አንዱ «አይ እማማ፣ የሚኒስትር ፊርማ!» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቅጂውን አውጥቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የላይኛው ሳጥን የሚለው፣ «ቱቦው ጤነኛ ስለሆነ የሦስተኛው ፎቅ መጋጠሚያ የጎማ ቀለበት ብቻ ይቀየር» ነው። የታችኛው፣ «ቱቦው በሙሉ ተነቅሎ በፕላስቲክ ይተካ» ይላል። አንዲት የጎማ ቀለበት ትበቃን ነበር፤ እኔ አራት ፎቅ ቱቦ አስነቀልኩ።

3. የብረቱ ቱቦ ሳለ ከላይ ውሃ ሲለቀቅ ሰው በካልሲ በኮሪደር የሚያልፍ ያህል ነበር የሚሰማን። አሁን ጎረቤቶቻችንን አንድ በአንድ እንሰማቸዋለን። ማን ማልዶ እንደሚነሣ፣ የማን ሆድ እንደተበላሸ፣ ማን ታጥቦ ማን ሳይታጠብ እንደወጣ እህቴ ታውቃለች። የአራተኛ ፎቁ ሹፌር ደረጃ ላይ «እንደምን አደሩ» ሲለኝ ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል፤ እንዴት እንዳደረ ከእሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁና።

የሚያስቀው ይህ ነው። የማያስቀው ደግሞ የሚከተለው ነው። እህቴ እንቅልፍ በወሰዳት ቁጥር ትበረግጋለች፤ በበረገገች ቁጥር ዳሌዋ ይናጋል። «ከላይ ሰው የወደቀብኝ ይመስለኛል» ትላለች። ከስታለች። ሐኪሟ ጸጥ ወዳለ ክፍል ትዛወር አለ፤ ሌላ ክፍል የለንም። አልጋውን ልናዞር ሞከርን፤ በሩ አልከፈት አለ።

4. በስድስተኛው ሳምንት፣ ሳሙና ልገዛ ወጥቼ ሳለ፣ ቱቦው ከታች ወደ ውጭ የሚታጠፍበት ክርን፣ ጎሚቶ የሚሉት፣ ከመጋጠሚያው ወጣ። አንደኛ ፎቅ ያለችው ልብስ አጣቢ ጎረቤታችን የፈላ ውሃ ስትለቅ ፕላስቲኩ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል፤ ሲረዝምና ሲያጥር ለቀቀ። ስመለስ ፍሳሹ የአልጋውን እግር እስከ ግማሽ ውጦታል፤ ነጠላ ጫማዬ ተንሳፎ ራስጌዋ ደርሷል።

«ጫማሽ ሊጠይቀኝ መጣ፤ አንቺ የት ቆየሽ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። እጇ ግን የአልጋውን ብረት ጨብጦ ነበር፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅኋቸው። ውሃው ሲወጣ እየሰማች፣ የት ድረስ እንደሚደርስ ሳታይ፣ መነሣት ሳትችል ነው የቆየችው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እኔ አፍሼዋለሁ፣ ሠላሳ አንድ ባልዲ። መሐንዲስዎ በዚያው ሰዓት ደርሶ ጠግኖልናል፤ በዚህ ስሙን አላሰደበም። ልብስ አጣቢዋም ከዚያ ወዲህ ውሃውን አቀዝቅዛ ነው የምትለቀው፤ በእኔ ምልክት ሰበብ ሥራዋ ተጓትቷል።

5. ቱቦውን ከብዙ ዓመት በፊት የተከለውን ሽማግሌ የቧንቧ ሠራተኛ አፈላልጌ አመጣሁት። መፍቻ ከማንሣቱ በፊት ጆሮውን ቱቦው ላይ ስለሚያስጠጋ «አባ ጆሮ» ይባላል። በግቢው የተከመረውን ብረት ሲያይ እንደ ዘመድ ሰላም አለው። ከእሱ የተማርኩትን በራሴ ቋንቋ አቀርባለሁ።

ይህ ቱቦ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። ክብደቱ ራሱ ድምፁን ያፍነዋል። «ከባድ ሰው አይቀባጥርም» አለኝ አባ ጆሮ፤ ወደ እኔ እያየ ባይለው ደስ ባለኝ። ባዶ ብረት ቢሆን ኖሮ ሳሙናው፣ ሽንቱና የማጽጃው መድኃኒት በልተው በጨረሱት ነበር፤ ውስጡ ግን በጠንካራ ቀለም ተለብጧል። እጄን አስገብቼ ዳበስኩት፤ እንደ ሳህን ይንሸራተታል፣ ቅባት አልያዘም፣ ዝገት የለውም። ውጭውም ተለብጧል፤ እኔ ራሴ ደረጃ ስጠርግ ለሃያ ስድስት ዓመት አቧራውን ስወለውል ኖሬ ቀይ ቀለሙን እንጂ ብረቱን አላየሁም። ሲዘጋም በብረት ዘንግ ስወጋው ኖሬያለሁ። አባ ጆሮ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ፤ ለካ ልባጩን የሚፍቀው ዘንጉ ነው፤ በለስላሳ ሽቦ ነበር መሆን ያለበት። ቱቦው ግን ችሎኛል።

የፈላ ውሃ ቢለቀቅበት ከቦታው አይነቃነቅም። ስለ እሳት ስጠይቀው ደግሞ ከፕላስቲኩ ቁራጭ አንሥቶ ክብሪት ለኮሰበት፤ እንደ ሻማ ተንጠባጠበ፣ ጭሱ አስለቀሰኝ። ብረቱ ላይም ለኮሰ፤ ክብሪቱ አልቆ የአባ ጆሮን ጣት አቃጠለው፣ ብረቱ ምንም አላለም። አራት ፎቅ የሚያቋርጥ ቱቦ እሳትን ከቤት ቤት ማሻገር እንደሌለበት የገባኝ ያኔ ነው፤ ያውም መነሣት የማትችል ሴት ራስጌ ላይ።

ነውሩንም አልደብቅም። ብረቱ ከባድ ነው፤ አንዱን ለመሸከም ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ግድግዳው ላይም ጠንካራ ማቀፊያ ያስፈልገዋል። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይገጠማል፣ ለብዙ ቤትም ይበቃል። ለዚህ ግድግዳና ለዚህ አልጋ ግን አይሆንም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለውን ተረት ለሰው ስተርት ኖሬ ለራሴ ሳልሰማው ቀረሁ።

ደስ የሚለው መጋጠሚያዎቹ በጎማና በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ በመፍቻ ተፈትተው እንደገና ይታሰራሉ። ቱቦዎቹም ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም እንዳሉ ናቸው። ሁለቱ በችኮላ በመጋዝ ተቆርጠዋል፤ የተቆረጠው አፋቸው እንደገና ቀለሙን ካልተቀባ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው ብሏል አባ ጆሮ።

6. በዚያው ወረቀት ሦስተኛ ገጽ፣ አንቀጽ አራት፣ ተወካይዋ አሮጌው ቱቦ ከግቢ እስካልወጣ ድረስ፣ አዲሱ ከገባ በዘጠና ቀን ውስጥ ምርጫዋን በጽሑፍ መለወጥ እንደምትችል ተጽፏል። ከወረቀቱ ሁሉ የሚጠቅመኝ ነገር የተቀመጠው ሰው በማይደርስበት ቦታ ነበር፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያው ገጽ ላይም አልደረስኩም። ዘጠናው ቀን ቅዳሜ ይሞላል። የአሮጌ ብረት ገዢው መኪና ግን ዓርብ ጠዋት ይመጣል ብለው በር ላይ ለጥፈዋል። ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ። ሦስት ጊዜ።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው፦

ሀ/ በግቢው ያለው ቱቦ ዓርብ እንዳይጫን ለጥበቃው በጽሑፍ እንዲታዘዝልኝ፤

ለ/ ምልክቴ ከታችኛው ሳጥን ወደ ላይኛው እንዲዛወርልኝ፣ ቱቦውም የተቆረጡት አፎቹ ተቀብተው፣ የሦስተኛው ፎቅ ጎማ ተቀይሮ፣ ወደ ቦታው እንዲመለስ። ለጊዜው ሁሉንም መመለስ ካልተቻለ ከአንደኛ ፎቅ እስከ ታች ያለው፣ በእህቴ ራስጌ የሚያልፈው፣ ይቅደም፤

ሐ/ ሥራውን አባ ጆሮ ከመሐንዲስዎ ጋር ሆኖ እንዲያየው። አንደኛው ይቸኩላል፣ ሌላኛው ያዳምጣል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ልክ ይመጣሉ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኟም ወረቀቱም ከእኔ ዘንድ ናቸው፤ ሞኟ ግን ለቃለች።

7. ይህን አቤቱታ ከማስገባቴ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። ቱቦው ለምን ተነቀለ ስትለኝ እስከ ዛሬ «ቢሮው ወስኖ ነው» እላት ስለነበር፣ ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ስደርስ ድምፄ አነሰ።

«አትሸማቀቂ፣ አውቃለሁ» አለችኝ። ያን ቀን ደረጃው ሥር ያለው በራችን ገርበብ ብሎ ነበር። «ወረቀቱ ሲገለበጥ ሰምቻለሁ። ለአንድ ገጽ ሩዝ የምታበስዪ ሴት ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ስትጨርሺ ምን ልበል?»

«ታዲያ ምነው አልጠራሽኝም?»

«ሰው ፊት? ያን ያህል ዓመት ጠብቀሽ የያዝሽውን ወረቀት?»

ክቡር ሆይ፣ ራስጌዋ ላይ የሚጮኸው የእኔ ኩራት መሆኑን እያወቀች ሰማንያ ስድስት ቀን ዝም ብላ ተኝታለች። ስለ ቱቦው ስጠይቃት የምትለው «ጎረቤት በዛ» ብቻ ነበር።

መልስዎ ምንም ይሁን ምን ወረቀቱን ደረጃው ሥር እቀበላለሁ። በዚያው ቆሜ፣ ጣቴን ከፊደሉ ሥር አድርጌ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ እህቴ ገርበብ ባለው በር እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ። የሚያልፍ ሰው ካለ ይቁም፤ ሩዝ እስኪበስል መቆም ሰው አይገድልም። ከእንግዲህ ያነበብኩ መስዬ አልፈርምም።

በጣት ተከትሎ ከተጻፈ ሰላምታ ጋር፣

ፊርማ (ከመስመሩ ያልወጣ)
የምድር ቤት ቁጥር ሁለት ነዋሪ፣ የነዋሪዎች ተወካይ