«ደግሞ ቀንሺ»

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 4 ሰ.

ዛሬም ሰልፍ። ዓለም ገና ማደያ ሳይነጋ ደረስኩ፤ ተራዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቤንዚን አለቀ ተባለ። ከፊቴ የነበረው የሚኒባስ ሾፌር መኪናዋን ዞሮ አይቶ ሳቀ። ይቺን ይዞ ሰልፍ? ውሃ አይደል እንዴ የምትጠጣው፣ አለኝ። የኔ አይደለችም አላልኩትም።

የዳዊት ናት። ቀይ ስፖርት መኪና፣ ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር። የሰበታ ኮብልስቶን ሆዷን ይፍቃታል። ወንድሜ ጤነኛ ሳለ ቡራዩ ጋራዡ ውስጥ፣ ተጋጭታ የተጣለችውን አንስቶ በእጁ አቆማት። አሁን መንዳት አይችልም። ስለዚህ እኔ።

ማስታወሻዬ፣ ምክንያቱን አልጻፍኩልሽም። ሐኪሞቹ ስለ ጉበቱ የሚሉት አልቆባቸው ወደ ቤት መልሰውታል። እኔ ጋ ነው። ልጁ ሊዲያ ሐዋሳ ናት፣ ከእናቷ ከሃና ጋር። ሃና ከተለያዩ በኋላ እዚያ አግብታለች። ልጅቷን ላምጣት ብትል እምቢ አለ። ተኝቼ አታየኝም፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምታየኝ፣ አለ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለቱ ቀላል ነበር።

ያው ቀን፣ 11 ሰ.

ኦቦ ለሜሳ መጡ። ጎረቤታችን፣ ወንዙ ዳር ጎመንና ድንች የሚያለሙት። አካም ኦልቴ ብለው ሰላምታ ሰጥተው ዳዊት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ ሰልፉ ነገርኳቸው። ተነሥተው ወጡ፤ ጄሪካን ተሸክመው ተመለሱ። ለውሃ ፓምፓቸው ያስቀመጡት ቤንዚን። አትክልትዎስ ምን ሊጠጣ ነው ብላቸው፣

«ጎመኑ ይጠብቀኛል» አሉ።

ገለቶማ ብዬ በቋንቋቸው አመሰገንኳቸው።

መኪናዋ ውስጥ ካለው ጋር ሐዋሳ ደርሶ መልስ ይበቃ ይሆን? ዳዊት ስልኩ ላይ ሲያሰላ አመሸ። በደንብ ከተነዳች ከታክሲ ያነሰ ነው የምትጠጣው ይላል። የጋራዥ ጓደኞቹ በዚህ አባባሉ ስንት ዓመት ስቀውበታል።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

የጎማዎቹን ንፋስ አስሞላሁ፣ እሱ ባለው ልክ። ከኋላ ያለውን ዕቃ ሁሉ አስወረደኝ፣ ክብደት ነው ብሎ። መፍቻ፣ ምንጣፍ፣ ጃኬት። እሱ ራሱ ምን ክብደት ቀርቶታል። ጧት ሳነሳው እንደ ልጅ ነው የቀለለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ቧንቧውን ከፍቼ።

ነገ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 9 ሰ. አልፏል፣ ሐዋሳ

ግራ እግሬ ዝሏል። ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው። ሃና ቤት በር ላይ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

መንገዱን ልንገርሽ። ቱሉ ዲምቱን አልፈን የፍጥነት መንገዱ ላይ ወጣን። ከዚያ ጀመረ። አምስተኛ አስገቢ። መስኮቱን ዝጊ፣ ንፋሱ ይጎትታታል። ዳገት ላይ አትርገጪ። ቁልቁል ላይ እግርሽን አንሺ። ዓይኑ ከዳሽቦርዱ አይነሳም፤ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደምትጠጣ እዚያ ላይ ይታያል። ቁጥሩ ከስምንት ወርዶ ሰባት፣ ከሰባት ወርዶ ስድስት ሲል ፈገግ አለ። ከታመመ ወዲህ ያላየሁት ፈገግታ። ጋራዥ ደውሎ ቁጥሩን አነበበላቸው። ወዲያ ማዶ ጫጫታ ሆነ። ድምፁ ሲደክም ስልኩን ዘጋ።

ዶሮ የጫነ ፒካፕ ሳይቀር ያልፈናል። ሰው ዞሮ ያየናል፤ ቀይ ስፖርት መኪና እንዲህ ስትንፏቀቅ።

መቂን እንዳለፍን ቀንሺ አለኝ። ቀነስኩ። ባቱ ጋ ደግሞ ቀንሺ። ተናደድኩ። ሙቀቱ፣ ከኋላ ጡሩንባው። ቤንዚኑ ገና ከግማሽ በላይ ነው። ይበቃናል፣ ይተርፈናልም፣ ምን ሆነሃል አልኩት።

«መብቃቱን አውቃለሁ እታለም» አለኝ። «ስንደርስ ግን መመለስ ብቻ ነው የሚቀረኝ።»

ቀነስኩ። እስከ ሻሸመኔ ድረስ በዚያው ፍጥነት ነዳሁ።

ሊዲያ ከት/ቤት ስትመጣ ሊወርድላት ፈልጎ አልቻለም። ላግዘው ስል በእጁ ከለከለኝ። እሷ በኔ በኩል ገብታ ተቀመጠች፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች። መሪውን ይዛለች። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ አይሰማኝም። ሃና አጠገቤ ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። አሁን ሊዲያ መሪውን ለቀቀች። ግንባሯን ደረቱ ላይ

ጥቅምት 7፣ ዓርብ፣ ሰበታ

ተመልሰናል። ትናንት እዚያው አደርን፤ የሃና ባል አልጋውን ለቀቀለት። ሊዲያ ተኝቶ አየችው። እግሩ ሥር ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ሠራች። እሱም ሲያያት አመሸ።

መንገድ ላይ ነገረኝ። ዓይንህ ለምን ቢጫ ሆነ አለችው። ታምሜ ነው አላት። ትድናለህ? አልድንም። ለምን እንዲህ አልክ ብዬ ጮህኩበት። ስምንት ዓመቷ ነው እኮ።

«ዋሽቼያት መመለስ አልፈለግሁም» አለኝ፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው።

ሲተኛ ቤንዚኑን ረገጥኩ። ቶሎ ቤት ላስገባው። ቢሾፍቱ ጋ ነቅቶ ዳሽቦርዱን አየ፣ እኔን አየ።

«አባከንሽው» አለ። ሳቅን። ሁለታችንም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ዳዊት አረፈ። ጠዋት። እጁን ይዤው ነበር።

ሌላ መጻፍ አልችልም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ድንኳኑ ፈረሰ። ወንበሮቹ ሄዱ። ኦቦ ለሜሳ ብቻ አሉ፤ ብቻዬን እንዳልሆን ደጃፍ ተቀምጠዋል።

ሊዲያ እስካሁን አልሰማችም። አክስታችን ወ/ሮ የሺ ለሕፃን መርዶ አይነገርም ይላሉ። ዘመድ ሁሉ ተስማምቷል፤ ትምህርት እስኪዘጋ ውጭ አገር ለሕክምና ሄደ ይባላል። ሃናም እሺ ብላለች። እኔም ትናንት እሺ ብዬ ነበር፣ ደክሞኝ።

ዛሬ አልቻልኩም። እሱ በዚያች ባለቀች ጉልበቱ እውነቱን ሊነግራት ሄደ። እኛ እግሩ ሳይርቅ ልንዋሻት።

ለሃና ደወልኩላት። እኔ ራሴ መጥቼ እነግራታለሁ አልኳት።

«ነይ» አለችኝ። «ከት/ቤት አብረን እንቀበላታለን።»

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። መኪናዋ ደጅ ናት፣ ቤንዚን አላት፤ በሷ አልሄድም። ሊዲያ ቀይዋን ከሩቅ ካየች አባቷ የመጣ ይመስላታል።

ነገ በአውቶቡስ።